ቦሎኛ ላይ አንድ ሴሚስተር፦ በአባቴ ስም፣ በአባቴ ጣሊያንኛ

ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን «ቦሎ ግዢ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። መኪና የለኝም፤ ብስክሌት እንኳ ገና አልገዛሁም። አባቴ መካኒክ ነው፤ ቤታችን ውስጥ «ቦሎ» የሚባለው ቃል የሚነሳው ደንበኛው መኪናውን ለዓመታዊ ምርመራ ሊያደርስ ሲሯሯጥ ነው። ለካ እዚያ ቦሎ ማለት ቴምብር ነው። ዋጋው 16 ዩሮ፣ የሚሸጠው ትምባሆ ቤት። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ይለጠፋል።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው ኢኮኖሚክስ ነው፤ ያኔ አራተኛ ዓመት ነበርኩ። ከተመለስኩ ጀምሮ የዶርም ልጆች «እንዴት ነው? ይሞከራል?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም ጽፌው ልገላገል።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። የሄድኩበት ኢራስመስ ፕላስ የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ነው። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አትከፍሉም። ለእኔ በወር 850 ዩሮ ተመደበልኝ። እዚህ ሆናችሁ ስትሰሙት ብዙ ነው። እዚያ ግን ቤት ኪራይ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ጠራርጎ ይወስደዋል። በተረፈው ሜንሳ፣ ማለትም የተማሪ ካፌ፣ ከበላ፣ በእግሩ ወይም በብስክሌት ከሄደ ይኖራል፤ አይንደላቀቅም። ሌላው ነገር፣ ብሩ እንዲገባላችሁ እዚያ አካውንት መክፈት አለባችሁ። እኔ ወረቀቱን አሟልቼ እስክከፍት ሦስት ሳምንት ሄደ። የአንድ ወር መቆያ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የያዝኩት የሁለት ሳምንት ነበር። ሦስተኛውን ሳምንት በዳቦና በቲማቲም ስጎ ነው ያለፍኩት።

የመኖሪያ ፈቃዱን በገባችሁ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ መጠየቅ ግዴታ ነው። ቅጹ ፖስታ ቤት በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን ነፃ የሚባል ነገር የለም። ቦሎው 16፣ የፖስታ አገልግሎቱ 30፣ ካርዱ 30.46፣ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ፈቃድ የመንግሥት ክፍያው 40። ስትደምሩት 116 ዩሮ ከ46 ሳንቲም ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። አዲስ አበባ ላይ «ሁሉንም እንጨርስልሻለን» ብሎ ገንዘቤን የተቀበለኝ አማካሪ ነኝ ባይም ቢሆን። እሱ የሠራው ሥራ ራሴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልሞላው የምችለውን የቪዛ ፎርም መሙላት ነው። የእናቴንም ስም አሳስቶ ነው የሞላው። ለአማካሪ ብር እንዳትከፍሉ። ፎርሙን ማንበብ የሚችል ሰው መሙላትም ይችላል።

ቤቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ቦሎኛ ቤት ማግኘት ፈተና ነው። ከተማው ትንሽ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው። እኔ ያገኘሁት ከአንዲት ቱርካዊት ተማሪ ጋር የምጋራው አንድ ክፍል ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቦሎኚና የሚባል ሰፈር። በወር 350 ዩሮ። ሌላ 350 ማስያዣ። ፎቶው ላይ ፀሐይ ገብቶበት፣ አልጋው ላይ ቢጫ ትራስ ተቀምጦበት ነበር። ስንገባ ትራሱ የለም። ፀሐይዋም አልነበረችም። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። የአልጋዬ ኮመዲኖ አንድ እግሩ ስለሌለ በፒዛ ካርቶን ተደግፏል።

ማሞቂያው ደግሞ ሕግ አለው። በዚያ አካባቢ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው የሚበራው፤ ያውም በቀን ከ14 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ሌሊት ይጠፋል። የካቲት ላይ ሌሊት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አልተርክም። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ጋቢ ስትጠቀጥቅ «እማዬ፣ አውሮፓ እኮ ነው የምሄደው፣ ማን ጋቢ ለብሶ ያየኛል?» ብዬ ተጨቃጭቄ ነበር። መጋቢት ሲገባ ቱርካዊቷም ጋቢውን በተራ ትጠይቀኝ ጀመር።

ወደ ምግብ ልሂድ። ቦሎኛን ጣሊያኖች በሦስት ቅጽል ይጠሯታል፤ የተማረችው፣ የወፈረችው፣ ቀይዋ። የተማረችው ያሏት ዩኒቨርሲቲዋ በ1088 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ ስለሚባል ነው። ቀይዋ በጣሪያና በግድግዳዋ ቀለም፣ በፖለቲካዋም ጭምር። የወፈረችው ደግሞ በምግቧ። እኔ የአሳማ ሥጋ አልበላም። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው የወፈረችው ከተማ ውስጥ እየከሳ ይኖራል። ሞርታዴላ የተወለደው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ የለመድነው የበሬው አይደለም፣ እዚያ ጥርት ያለ አሳማ ነው። ቶርቴሊኒ የሚሉት ትንሽዬ ጥቅል ፓስታ ውስጡ አሳማ ነው። እኛ ቦሎኔዝ የምንለው የሥጋ ስጎ እንኳ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በከተማው ንግድ ምክር ቤት በተመዘገበው አሠራር ውስጥ ፓንቼታ አለበት። እሱም አሳማ ነው። በነገራችን ላይ «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» ብላችሁ እንዳታዙ። ስጎውን የሚበሉት በታሊያቴሌ ነው፤ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ፓስታ። አንድ አስተናጋጅ ስፓጌቲ ስለው ያየኝ አስተያየት እስካሁን ትዝ ይለኛል። እንጀራ በሹካ የጠየቅኩት ይመስል።

ያዳነኝ ዐቢይ ጾም ነው። መጋቢት 2 ጾሙ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። ሜንሳው ውስጥ ፓስታ በቲማቲም፣ የአትክልት ሾርባ፣ ባቄላ፣ ድንች ሁልጊዜ አለ። ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ፣ አይብ የሚባል አይነካውም። ችግሩ ምግብ የምታወጣው ሴትዮ ናት። ሳህኔን ገና ሳልዘረጋ ፓርሚጃኖ የሚሉትን አይብ ትነሰንስበታለች። ስስት አታውቅም፤ ጥሩ ሰው ናት። አንድ ቀን ከወረፋው ሦስተኛ ሆኜ «ሴንዛ ፎርማጆ!» ብዬ ጮኽኩ። ያለ ፎርማጆ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሙሉ ሐሳብ ይዞ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ጣሊያንኛዬ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ከሩቅ ስታየኝ «ሴንዛ!» ትላለች። ስሜ ሆነ።

ማኪያቶ? ቡና ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ትጠጣላችሁ፣ በሁለት ጉንጭ ያልቃል። ወተቱ ጠብ ብላለች እንጂ የለችም። የእኛው ይሻላል። ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጣሊያናዊ ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ሀገሯ ከምትመለስ ተማሪ በ60 ዩሮ ብስክሌት ገዛሁ። በሳምንቱ የኋላ ጎማዋ እየተወላገደች ትንቋቋ ጀመር፤ ፍሬኑም ላላ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጠባብ የብስክሌት ጥገና ቤት አለ። ሽማግሌ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ዜሮ። የእኔ ጣሊያንኛ ደግሞ በሁለት ወር ኮርስ «ስሜ እንዲህ ነው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ» ላይ ደርሷል። ብስክሌቷን አሳየኋቸው። «ፍሬኖ» አልኩ፤ ፍሬን ለማለት። ገባቸው። ከዚያ አባቴ ያለቀ ጎማ ሲያሽከረክር የሚለው ትዝ አለኝና «ኩሽኔታ» አልኩ። ሽማግሌው ቀና አሉ። «ኩሺኔቶ?» «ሲ!» ጎማዋን ፈትተው አዩ። ኩሽኔታው አልቋል።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። አንድ ዕቃ ሲያነሱ ቀድሜ እጠራለሁ። ካቻቢቴ። ፒንሳ። ብሎን። ዳዶ። ሮንዴላ። እሳቸው ትክክለኛውን ያርማሉ፣ ይስቃሉ። ሰንሰለቷን ሲነኩ «ካቴና» አሉ። እኔ ሁለት እጄን አጋጥሜ ታሰርኩ አልኩ፤ ለእኛ ካቴና የፖሊስ ነው። እዚያ የነበረ ሌላ ሰውዬ ድረስ ሳቁ። የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። «አባቴ፣ መካኒክ፣ አዲስ አበባ» አልኩ በስብርባሪ። ሳቁ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ቃሉ ወደ እኛ እንዴት እንደመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም ብለው ጎማዋን ገጠሙ። የኩሽኔታውን ዋጋ ብቻ አስከፈሉኝ፤ የእጅ አልተቀበሉም።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። «ሮንዴላም ይላሉ?» አለኝ። ይላሉ። «ጎሚስታም?» እሱንም። ረጅም ሰዓት ቃል እየቆጠርን አመሸን። ፌርማታ፣ አስቤዛ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ። የዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ኮርስ ደህና ነው፤ መምህሯም ትዕግሥተኛ ናት። ግን እውነቱን ለመናገር ጣሊያንኛ የጀመርኩት ከሽማግሌው ሱቅ ነው። ከዚያ በፊት የማላውቀውን ቋንቋ ነበር የምማረው። ከዚያ በኋላ ግማሹን አውቀዋለሁ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ትሳሳታላችሁ፣ ያርሟችኋል፣ ይቀጥላል።

ይህ ነገር ለፈተናው የጠቀመኝን ያህል የትም አልጠቀመኝም።

ትምህርቱ ራሱ እንደ እኛው ነው። መምህር ያወራል፣ ተማሪ ይጽፋል። 9 ሰዓት የተባለ ክፍል 9 ከ15 ይጀምራል፤ «አካዳሚያዊ ሩብ ሰዓት» ብለው ስም አውጥተውለታል። እኛ ያለ ስም ነው የምናረፍደው። ልዩነቱ ፈተናው ነው። ብዙው በቃል ነው። ቀኑን በኢንተርኔት ትመዘገባላችሁ። መምህሩ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣል፣ እናንተ ፊት ለፊቱ። ከኋላችሁ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ተደርድረው ይሰማሉ። ስትንተባተቡ ያያሉ። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። እዚያው በአፍ ይነገራችኋል፤ ካልተስማማችሁ ብዙ መምህራን እምቢ እንድትሉ ይፈቅዳሉ። ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ።

እኛ ሀገር አራት ዓመት ስማር መምህር ፊት ተቀምጬ የተጠየቅኩት አንድም ቀን የለም። ቢበዛ ፕሬዘንቴሽን ነው። እሱንም ከቡድኑ አፍ ያላት ልጅ ታቀርባለች፤ እኛ ከኋላዋ ቆመን እንነቀንቃለን። እኔ የምትነቀንቀዋ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ፈተና ኢኮኖሜትሪክስ ነበር። በአባቴ ስም ተጠራሁ፤ እዚያ የቤተሰብ ስም እሱ ስለሆነ ሴሚስተሩን ሙሉ የምጠራው በእሱ ነው። አባቴ ቦሎኛ ሄዶ የተማረ ይመስል። ተቀመጥኩ። ቀመሩን ጽፌ ለመምህሩ አሳየሁ። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። ድጋሚ ጻፍኩት። «አይ፣ ንገሪኝ።» አልቻልኩም። የማውቀው ነገር እጄ ላይ እንጂ አፌ ላይ አልነበረም። 19 አለኝ። ማለፊያ ነው፤ ወገኔ ቢሆን ይዞ ይሮጥ ነበር። እኔም ልሮጥ አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆች በእጃቸው «እምቢ በይ» ይሉኛል። እምቢ አልኩ። እስከ ዛሬ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቱርካዊቷን አልጋ ላይ አስቀምጬ ሳስረዳት ከረምኩ፤ እሷ የምታጠናው የጥበብ ታሪክ ነው፣ አንዱም አይገባትም፣ ግን ትሰማለች። ተመለስኩና 25 አገኘሁ።

ምርጡ ግን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኢኮኖሚክስ ነው። ቦሎኛ ያለችበት ኤሚሊያ ሮማኛ ክፍለ ሀገር በኅብረት ሥራ የታወቀ ነው፤ ከሱፐርማርኬት እስከ ወተት ማቀነባበሪያ የአባላት ንብረት የሆነ ድርጅት ሞልቷል። የጣሊያን ሕገ መንግሥት ራሱ በአንቀጽ 45 ለኅብረት ሥራ ዕውቅና ይሰጣል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ማኅበር ከትርፉ 3 በመቶውን አዳዲስ ማኅበራትን ለሚደግፍ ፈንድ እንዲያወጣ ያዛል። ይህን ሁሉ ሸምድጄ ገባሁ። መምህሩ ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ከዚያ «ሀገርሽስ?» አለኝ።

እቁብን አስረዳሁት። ደስ ብሎኝ ነው የማስረዳው፤ እናቴ የእቁብ ጸሐፊ ናት። ዕጣው፣ ዋሱ፣ ዳኛው። ጨረስኩ። «ጥሩ። መጠባበቂያው የት አለ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እቁብ መጠባበቂያ የለውም። ሁሉም ሲደርሰው ይፈርሳል፣ ከፈለጉ እንደገና ይጀመራል። ይህን ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ፤ ግን አስቤው አላውቅም። አፌ ላይ እንደመጣ «መጠባበቂያ ያለው እድር ነው» አልኩ። ድንኳኑ፣ ሳህኑ፣ ባንክ ያለው ብር። አባል ቢሞትም ቢወጣም ለራሱ ቆርሶ አይወስድም፤ የእድሩ ነው። መምህሩ ወንበሩን ሳብ አደረገ። ጣሊያኖቹም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለበሽታና ለቀብር የሚረዳዱ ማኅበራት እንደነበሯቸው፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ሕግ እንደወጣላቸው ነገረኝ። ከዚያ ፈተና መሆኑ ቀረና ወሬ ሆነ። ከኋላ ያለ ልጅ እድር ውስጥ ያልከፈለ ሰው ቢሞት ይቀበራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቀበራል፣ ግን ይታማል አልኩ። 28 ሰጠኝ። ያን ዕለት ውጤቴን እምቢ አላልኩም።

ለዚህ ለአንዱ ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ላለፈ ጊዜ ሲባል ብርዱንም እግር የጎደለውን ኮመዲኖም እቀበላለሁ።

ከትምህርት ውጪ ስላለው ብዙ ማለት ይቻላል። ከተማዋ ውስጥ በረንዳ መሳይ ቅስት ያላቸው የእግረኛ መንገዶች አሉ፤ ሁሉም ሲደመር ወደ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ዝናብ ሲዘንብ ያለ ጃንጥላ ክፍል ትደርሳላችሁ። 97 ሜትር የሚረዝመውን የአዚኔሊ ግንብ መውጣት አልቻልኩም፤ ጎኑ ያለው ያዘነበለው ጋሪዜንዳ አስጊ ነው ተብሎ ዙሪያው ታጥሯል። ለነገሩ ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ አይመረቅም ይላሉ። ለጥናት ፒያሳ ማጆሬ አጠገብ ያለው ሳላ ቦርሳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነፃ ነው። ወለሉ መስታወት ነው፤ ከእግራችሁ ሥር የሮማውያን ፍርስራሽ ይታያል።

ከዚያው ሕንፃ ውጪ ግድግዳው ላይ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሲዋጉ የሞቱ የከተማዋ ታጋዮች ፎቶ አለ፤ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ። ወጣቶች ናቸው። እነሱ ነፃነታቸውን የሚያከብሩት በፈረንጅ አፕሪል 25 ነው። የክፍል ጓደኛዬን የእኛ በዐሥር ቀን ይዘገያል አልኳት፤ ሚያዝያ 27። ከማን ነፃ የወጣችሁበት ነው አለችኝ። ነገርኳት። ታሪክ ሲማሩ ይህን በጨረፍታ ነው ያለፉት። አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ።

በ2016 ሚያዝያ 27 ፋሲካ ነበር። የእነሱ አንድ ወር ቀድሞ አልፏል። ቅዳሜ ስዑር ዕለት ብቻዬን ስዞር መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ለካ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የሳን ሉካ እመቤታችን ከተራራው ወደ ከተማ ትወርዳለች። ወንጌላዊው ሉቃስ ሳላት የሚሏት ሥዕል ናት። እኛም ሉቃስ ሳላቸው የምንላቸው ሥዕላት አሉን። ሰዉ ያማትባል፣ አሮጊቶች ያለቅሳሉ። እኔ ቄጤማ ማን ያስርልኛል እያልኩ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የነበሩ ነጠላ መሳይ የለበሱ እናት «ሓበሻ ዲኺ?» አሉኝ። ኤርትራዊ ናቸው። እዚያ ከተማ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ ኤርትራውያን እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ቦሎኛ ላይ ፌስቲቫል ሲያካሂዱ ወጥ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። አማርኛቸው የድሮ ነው፣ ጥርት ያለ። «ነገ የት ትፈስኪያለሽ?» አሉ። የትም አልኩ። «እንዴት የትም!» ተቆጡ። በማግስቱ ዶሮ በላሁ። ሻንጣዬን ስዘጋ ያለቀስኩት ለእሳቸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሚሄዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ከ30 የተሰጠው ውጤት እዚህ በምን ፊደል እንደሚተካ በጽሑፍ አስፈርሙ። እኔ አላስፈረምኩም። 28ቱን «ከመቶ 28 ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ የት እንደሚሠራ አልናገርም። ለማስተካከል አንድ ክረምት ፈጀ።

ማስያዣዬ እስካሁን አልተመለሰም። 350 ዩሮ። ሰውዬው የኮመዲኖውን እግር እኔ ነኝ የሰበርኩት ይላል። በእንግሊዝኛ ስጽፍለት አይመልስም ነበር። አሁን በጣሊያንኛ ነው የምጽፍለት፤ ስንገባ የተነሳነውን ፎቶም አያይዣለሁ፣ ካርቶኑ በደንብ ይታያል። ባለፈው «ሉነዲ» ብሎ መለሰ። ሰኞ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልጻፈም።